«አውሬ በላው»

በዚህ አገር ክስ ሳይደርሰው፣ ጠበቃ ሳያቆም፣ ይግባኝ ሳይጠይቅ በየዓመቱ ጥፋተኛ ነህ እየተባለ የሚፈረድበት አንድ ፍጡር አለ። ስሙ አውሬ ነው። ለአንዲት ድሃ ሴት አምስት ዶሮ ይሰጣታል። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ የሚጠይቅ ሰው ከተገኘ ሁለት ይቆጠራል። ሦስቱስ? «አውሬ በላው»። አለቀ፤ ፋይሉ ይዘጋል። የትኛው አውሬ? በስንት ሰዓት? ዶሮዋ የት አድራ ነበር? ብሎ የሚጠይቅ የለም። አውሬው እንደሆነ ቃሉን ሊሰጥ አይመጣም።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን የማሰለችባት አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ። «የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማን ነው?» የምትል። ከማስተማሩ ከወጣሁ ቆየሁ፤ ጥያቄዋ ግን አልለቀቀችኝም። በተለይ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ሳነብ ትብስብኛለች። ሪፖርቱ «በበጀት ዓመቱ ይህን ያህል ሺህ ዶሮዎች ለተጠቃሚዎች ተሰራጩ» ይላል። ባለቤቱ ማን ነው? ዶሮዎቹ። በዓመቱ ደግሞ «የተወሰኑትን አውሬ በላቸው» ይላል። ባለቤቱስ? አውሬው። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዶሮዋ በራሷ ፈቃድ የተሰራጨች ትመስላለች፤ በሁለተኛው አውሬው ብቻውን ያጠፋ ይመስላል። ማደሪያ ሳያዘጋጅ ዶሮ ያደለው ሰው በሁለቱም ውስጥ የለም። አማርኛችን «ባለቤት» የሚለውን ቃል ለሰዋስውም ለንብረትም ያዋለው ያለ ነገር አይመስለኝም። ባለቤቱ የጠፋበት ዓረፍተ ነገር ባለቤት የሌለው ሥራ ምልክት ነው።

ለነገሩ ይህ ሪፖርት አዲስ አይደለም። የያዕቆብ ልጆች ወንድማቸውን ዮሴፍን ጉድጓድ ከጣሉት በኋላ ለአባታቸው ያቀረቡት ሪፖርት ይኸው ነበር። ደም የነካው ልብስም አያይዘውበታል፤ በዛሬው ቋንቋ «ደጋፊ ሰነድ» ማለት ነው። ታሪኩ በኦሪትም በቁርአንም አለ። በቁርአኑ የተወነጀለው ተኩላ ነው። ዓረቦችም ከዚያ ተነስተው ያለ ጥፋቱ የተከሰሰን ሰው ከዩሱፍ ደም ንጹሕ ከሆነው ተኩላ ጋር ያመሳስሉታል። የእኛ አውሬ በእርግጥ የዚያን ተኩላ ያህል ንጹሕ አይደለም። ጭልፊት ጫጩት ይነጥቃል፤ ሸለምጥማጥ ሌሊት በቀዳዳ ይገባል፤ ቀበሮ በንጋት ያደባል። አዎ፣ ይበላሉ። መብላት ግን የአውሬ ሥራ ነው። ማሳደር ደግሞ የሰው ሥራ ነው። እኔ የምለው፣ ሥራውን በደንብ የሠራውን እየከሰስን ሥራውን ያልሠራውን አንሸልም ነው።

ነገሩ የዶሮ ነገር ነው ተብሎ እንዳይናቅ ጥቂት ቁጥር ላንሳ። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የእንስሳት ናሙና ጥናት መሠረት በአገራችን ወደ 57 ሚሊዮን ዶሮ አለ። አብዛኛው በጓሮ የምትለቅመው የአገር ዶሮ ናት። እሷ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። ታቅፋ ከፈለፈለቻቸው ጫጩቶች ደግሞ ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት እንደሚያልቁ የአገራችን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። አርቢዎች ምክንያቱን ሲጠየቁ በየአካባቢው ሁለት ስም ይጠራሉ፤ ፈንግልና አውሬ። ለፈንግል ክትባት አለው፤ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። ለአውሬስ? ለአውሬም ክትባት አለው። በር ይባላል።

የበርን ነገር ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ደግሞ ዶሮ ማርባት ልማዳቸው ያልነበረ ሰዎች ናቸው ብል ትገረሙ ይሆናል። አይሻን እንውሰድ።

አይሻ በሶማሌ ክልል፣ ድሮ ሽንሌ ዛሬ ሲቲ በሚባለው ዞን፣ ወደ ጂቡቲ ድንበር ተጠግታ የተቀመጠች የባቡር ከተማ ናት። የፈረንሳዩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው በእሷ በኩል አልፎ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚያው ያልፋል። አካባቢዋ ላይ ደግሞ 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የታሰቡ የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። መሬቱ ደረቅ፣ ፀሐዩ የሚጠብስ፣ ነፋሱ የማይታክት ነው። ሕዝቡ አርብቶ አደር ነው፤ ሀብት የሚባለው ግመል፣ ፍየልና በግ ነው። ዶሮ እዚህ ግባ የምትባል እንስሳ አልነበረችም። አይሻና አካባቢዋ ስንት ዶሮ አላቸው ብላችሁ ብትጠይቁም መልሱን በቀላሉ አታገኙትም። ለዓመታት የወጡት የእንስሳት ጥናት ሪፖርቶች በአፋር 3፣ በሶማሌ ክልል ደግሞ 6 ዞኖች ውስጥ ያለውን ተንቀሳቃሽ ሕዝብ እንዳልጨመሩ በመግቢያቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ያልተቆጠረ ዶሮ ቢጎድል ማን ያውቃል?

ይህ ሕዝብ ግን ከአያት ቅድመ አያቱ የወረሰው አንድ ጥበብ አለ። ፍየሉን ሜዳ ላይ አያሳድርም። የሚሰፍርበት ቦታ ሲደርስ እሾህ ይቆርጣል፤ ቅርንጫፉን እርስ በርስ አጠላልፎ ያዞራል፤ ለግልገሎቹ ለብቻ ይከፍላል፤ ሲመሽ መንጋውን አስገብቶ መግቢያውን በትልቅ የእሾህ ጥቅል ይወትፋል። ይህ በረት በሶማሊኛ ሔሮ ይባላል። መሐንዲስ አልነደፈውም፤ ፕሮጀክት አልጻፈውም። ነገር ግን «ማደሪያ የሌለው እንስሳ ሀብት አይደለም» የሚል ፍልስፍና አለበት።

በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ሳቢያ የመጣው ድርቅ ሲቲ ዞንን ክፉኛ መታው፤ ብዙ ቤተሰብ መንጋውን አጣ። መንጋውን ላጣ ሰው ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ ደግሞ «ዶሮ አርባ» የሚለው ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም። ዶሮ ትንሽ ቦታ፣ ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ መነሻ ይበቃታል። አይሻ ላይ ይህ ምክር የደረሳቸው አንዲት እናት አግኝቼ ነበር። እንደ አገሩ ወግ «ኤዶ» አልኳቸው፤ አክስት እንደማለት ነው። እሳቸውም «ወላል» እያሉ፣ በድሬዳዋ አማርኛ አወጉኝ። አምስት ነጭ ዶሮ ከአንድ ድርጅት ተቀብለዋል። አንዷን በሳምንቱ ጭልፊት በጠራራ ፀሐይ ወሰዳት። ሁለቱን ሌሊት «ድመት የሚመስለው» መጥቶ ካደሩበት ካርቶን ውስጥ አውጥቶ ጨረሳቸው። የቀሩትን ሁለት ምን እንዳደረጓቸው ስጠይቃቸው ሳቁ። «አሳርጄ ለልጆቼ አበላሁ። ለእሱ ከማበላ ለእነሱ አይሻልም?»

«ፍየሎቹን ሔሮ ውስጥ እንደሚያስገቡት ለምን አላስገቧቸውም?» አልኳቸው።

«ሔሮ ጅብ ይመልሳል፣ ቀበሮ ይመልሳል» አሉኝ። «ይኼኛው ግን በእሾህ መሀል እንደ ውሃ ነው የሚያልፈው። ጭልፊት ደግሞ በላይ ነው የሚመጣው። ወላል፣ እኛ መሬት ነው የምናጥረው። ሰማይ አጥረን አናውቅም!»

ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሃምሳ ገጽ የፕሮጀክት ሰነድ ታስንቃለች። ሴትየዋ ችግሩን በትክክል አውቀውታል። በመሬት የሚመጣውን ጠላት አባቶቻቸው በመለሱበት መንገድ ይመልሱታል። የጎደላቸው የሚያልፈውን የሚያግድ ጠባብ ወንፊት ሽቦና በላይ የሚመጣውን የሚያግድ ጣራ ነው። እነዚህ ሁለቱ ገንዘብ ይጠይቃሉ። እርዳታ ካለ መግባት የነበረበት እዚህ ላይ ነው። የመጣላቸው ግን ሽቦው ሳይሆን ዶሮው ነው። ዶሮ ፎቶ ላይ ታምራለች፤ ሽቦ አያምርም።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2008 ዓ.ም. የዓለማችን ባለጸጋ ቢል ጌትስ ሄይፈር ኢንተርናሽናል በተባለው ድርጅት በኩል 100,000 ዶሮ ለድሆች እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር። ሂሳቡንም ሠርቶ አሳይቷል። አንዲት ሴት በአምስት ዶሮ ትጀምራለች፤ በሦስት ወር 40 ጫጩት ይኖራታል፤ እያንዳንዱን በ5 ዶላር ስትሸጥ ውሎ አድሮ በዓመት ከ1,000 ዶላር በላይ ታገኛለች። ቦሊቪያ ክብሬ ተነካ ብላ ስጦታውን አልፈልግም አለች። እኔ ስለ ክብሩ አላነሳም፤ ሰውየውም በቅንነት እንዳደረገው አልጠራጠርም። የፈንግል ክትባትን እንኳ ከነዋጋው አልረሳውም። ማደሪያውን ግን መንጋው ሲበዛ እንጨትና ሽቦ ሊያስፈልግ ይችላል በሚል ዓይነት በጥቂት ቃላት ነው ያለፈው። እንዴ! መንጋው እስኪበዛ ማን ቆይቶ? የእኛን አገር ጥናት አስገቡበትና ሂሳቡን እንደገና ሥሩት። ከ40ው ጫጩት በስምንተኛው ሳምንት በእጇ የሚቀረው 20 ያህል ነው። ባለጸጋው ሂሳብ ላይ ጭልፊት የለም፤ አይሻ ሰማይ ላይ ግን አለ።

ወደ እኛው እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ኮሌጆች በኩል የገቡት የውጭ ዝርያዎች፣ ነጩ ሌግሆርንና ቀዩ ሮድ አይላንድ፣ ለገበሬው ሲታደሉ ኖረዋል። ዛሬ ደግሞ ሳሶና ቦቫንስ ብራውን አሉ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ዶሮና እንቁላልን ከወተት፣ ከማርና ከዓሣ ጋር ግንባር ላይ አሰልፏቸዋል። ይህን ሁሉ አልቃወምም፤ የሕፃናቱ ትሪ ላይ እንቁላል ሲጨመር ደስ የማይለው ማን አለ? የሥልጠና ጽሑፎቹም ቢሆኑ «የዶሮ ቤት አሠራር» የሚል ምዕራፍ አያጡም። ጥያቄዬ በጀቱ ላይ ነው። ቤቱ ምዕራፍ ብቻ ሆኖ ዶሮዋ ብቻ ደረሰኝ ከተቆረጠላት፣ የሚደርሰው ዶሮዋ ብቻ ናት።

እዚህ ላይ የሚመጡልኝን መልሶች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው «ዶሮ ርካሽ ናት፣ ሌላ ይሰጣታል» የሚለው ነው። ርካሽ ናት የሚለው ሰው ደሞዝተኛ ነው። ገጠር ውስጥ የዶሮ ገንዘብ በአብዛኛው የሴቲቱ ገንዘብ ነው። በሬው የእሱ ነው፤ ግመሉ የጎሣው ነው፤ ዶሮዋ የእሷ ናት። ጨው የሚገዛባት፣ ደብተር የሚገዛባት፣ ልጅ ሲያተኩስ ጤና ጣቢያ የሚደረስባት እሷ ናት። በሬ ቢጠፋ መንደር ተጠርቶ ይፈለጋል። ዶሮ ስትጠፋ የሚፈልጋት አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላ። «አውሬ በላው» የሚለው ቃል እንዲህ በቀላሉ ከአፋችን የሚወጣው የተበላው የማን እንደሆነ ስለምናውቅ ነው ብዬ ብጠረጥር አትፍረዱብኝ።

ሁለተኛው መልስ «ቤቱን ባለቤቷ ትሥራ፤ ሁሉን ከሰጠናት ጥገኛ ትሆናለች» የሚለው ነው። እሺ። ታዲያ ዶሮው ተሰጥቷት ያላደረጋት ጥገኛ ሽቦ ሲሰጣት ያደርጋታል? እንጨቱንና ጉልበቱን እሷ ታምጣ፤ በአይሻ ዙሪያ እንጨትም ቢሆን አይጠፋም። አገሩን እየወረረ ያስቸገረው ፕሮሶፒስ እሾሁም አጣናውም ይጠቅማል። መንጋ ያጣች ሴት ከገበያ ገዝታ የማታመጣው ሽቦውን ነው።

ሦስተኛው መልስ «የአገራችን ዶሮ ራሷን ትጠብቃለች፤ ድሮስ ቤት ነበራት ወይ?» ይላል። ይኼኛው ግማሽ እውነት አለው። የአገር ዶሮ ጭልፊት ስታይ ድምፅዋን ትለውጣለች፤ ጫጩቶቿ ክንፏ ሥር ይገባሉ ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ይለጠፋሉ። ማታም ቤት ገብታ ቆጥ ላይ ትወጣለች። ለጫጩቶቿ ደግሞ እናቶቻችን እንቅብ ይደፉላቸው ነበር፤ ስለዚህ «ቤት አልነበራትም» የሚለው ሐሰት ነው። አሁን የሚታደለው ዶሮ ግን በማሽን የተፈለፈለ፣ ከ45 እስከ 60 ቀን በአዳራሽ ያደገ ነው። የእናት የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ሰማይ ምን እንደሚመስል ያየው ባለፈው ማክሰኞ ነው። እሱን ወስዶ አይሻ ሜዳ ላይ «ራስህን ጠብቅ» ማለት የአዲስ አበባ ሕፃን ልጅን መርካቶ መሀል ለቅቆ እንደመሄድ ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባል የለ? እኛ መጫኛ እንኳ አላስፈለገንም።

አራተኛው መልስ ከሁሉ ይከፋል፤ «አውሬውን እናጥፋው» የሚለው ነው። ጥንብ ላይ መርዝ ይረጫል። መርዙ ግን ሸለምጥማጥ ለይቶ አይገድልም። ጥንብ የሚያጸዳልን ጥንብ አንሳ ይሞታል፤ የጎረቤት ውሻ ይሞታል፤ አይጥ ሲለቅም የኖረው ጭልፊት ራሱ ይሞትና አይጡ ይፈላል። አይጥ ደግሞ እንቁላል ይሰርቃል፤ ጫጩትም አይምርም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። በሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ የአንዱ ሸለምጥማጥ ቦታ በሌላ ሸለምጥማጥ ይያዛል። ክፍት የሥራ መደብ ሳይሞላ አይቀርም።

ታዲያ ቤቱ ምን ይመስላል? ተአምር የለበትም። ከመሬት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአራት እግር ይቆማል። ተንጠላጥሎ የሚወጣውን ለመከላከል እግሮቹ ዙሪያ ለስላሳ ቆርቆሮ ይጠመጠማል። ጎኑ ወንፊት ሽቦ ነው፤ ቀዳዳው ከአንድ ጣት ስፋት ባይበልጥ ይመረጣል። ዶሮ እንዳትወጣ የተሠራው ሰፊ ቀዳዳ ያለው ስሱ ሽቦ ዶሮን ያስቀራል እንጂ አውሬን አያስቀርም። ደጋ ላይ ጎኑ በጭቃ ይመረጋል፤ አይሻ ላይ ግን ነፋስ ካልገባው ዶሮዋ ከአውሬ ድና በሙቀት ትሞታለች። ከላይ ሣር ወይም ሰሌን ይለብሳል፤ ባዶ ቆርቆሮ ግን ምድጃ ነው። ጫጩቶች እስከ ስምንተኛ ሳምንታቸው መረብ ወይም ቅርንጫፍ ከለበሰ አጥር ውጪ አይውሉም። ሰማይ ማጠር ማለት ይኸው ነው። በዙሪያው አባቶች እንዳስተማሩት ሔሮ ይዞርበታል። በሩ መቀርቀሪያ ይኑረው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋ፤ በደንብ ሲነጋ ይከፈት። ሸለምጥማጥ የሚያሸንፈን ብልጥ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እኛ አንድ ምሽት እስክንረሳ እሱ በየምሽቱ ስለሚመጣ ነው።

እንግዲህ ዶሮ ለሚያድሉ ሁሉ፣ ለመንግሥትም ለድርጅትም፣ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ቤት ሳይቆም ዶሮ አይሰጥ። በአምስት ዶሮ ፈንታ ሦስት ዶሮና አንድ ቤት ይሁን። ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩ ያንሳል፤ ግቢው ውስጥ ግን ይበዛል። ሁለተኛ፣ ቆጠራው በርክክቡ ቀን ሳይሆን በስድስተኛው ወር ይሁን። ዶሮ አደልኩ ማለት ሥራ አይደለም፤ ዶሮ አተረፍኩ ማለት ነው ሥራ። ሦስተኛ፣ «አውሬ በላው» የሚለው መልስ ለብቻው ተቀባይነት አይኑረው። በቀን ከሆነ ጠላቱ ከላይ ነው፤ ጣራው ይታይ። በሌሊት ከሆነ ከጎን ወይም ከሥር ነው፤ ሽቦውና በሩ ይታይ። ሽቦና በር ከሌለ ደግሞ ሸለምጥማጡን ትተን ፈርማ ያስረከበውን ሰው እንጠይቅ።

አውሬ የሚሞላው ሆዱን ነው። ቅጹን የሚሞላው ግን ሰው ነው።